ምች ሲጀምረኝ አረንጓዴ ሻይን እንዴት እንደምጠቀምበት

እኔን ምች የሚቀሰቅስብኝ ኃይለኛ ፀሐይና እንቅልፍ ማጣት ነው። መጀመሪያ የከንፈሬን ጥግ ይበላኛል፣ ቀጥሎ ይነዝረኛል። ውሃ የቋጠረ ነገር ገና አይታይም። ዋናው ሰዓት ይሄ ነው፤ ቶሎ የማነሳውም አሲክሎቪር የሚባለውን የፀረ ቫይረስ ቅባቴን ነው። ባለ 5 ፐርሰንቱን በቀን 5 ጊዜ በስሱ እቀባለሁ። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ቢጀመር ጥቅሙ ያንሳል።

ታዲያ ሻዩ ለምን አስፈለገ? አረንጓዴ ሻይ ውስጥ ካቴኪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ዋናው ኢጂሲጂ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ኢጂሲጂ ምችን ከሚያመጣው ከሄርፒስ ቫይረስ ጋር ሲገናኝ፣ ቫይረሱ ሕዋስ ላይ ለመለጠፍና ለመግባት የሚጠቀምባቸውን የላይ ፕሮቲኖች ይይዝበታል። ቫይረሱ መግቢያ ያጣል። ደስ ይላል፣ ግን ይህ የሆነው በቀጥታ ሲነካው ነው። ከጠጣነው ሻይ ደም ውስጥ የሚገባው ኢጂሲጂ በጣም ትንሽ ነው። ለዚህ ነው እኔ ከመጠጣት ይልቅ ከላይ መያዙን የመረጥኩት። እሱም ቢሆን ሰው ላይ ምችን እንደሚያድን አልተረጋገጠም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የፈላውን ውሃ ወደ 80 ዲግሪ እስኪወርድ እጠብቅና የሻይ ከረጢቱን ለ5 ደቂቃ እነክራለሁ። ስኳርም ሎሚም አልጨምርም። ቤኪንግ ሶዳማ በፍጹም! ኢጂሲጂ በእሱ ቶሎ ይበላሻል። ሻዩን ፍሪጅ ውስጥ በደንብ አቀዘቅዛለሁ። እጄን ታጥቤ ንጹሕ ጥጥ እነክርና ቁስሉ ላይ 10 ደቂቃ ያህል እይዛለሁ። አልፈትግም። ጥጡን እጥላለሁ፣ እጄን እንደገና እታጠባለሁ፣ ከንፈሬ ሲደርቅ ቅባቱን እቀባለሁ። አድሮ ቡናማ የሆነ ሻይ አልጠቀምም። ከሚሰማኝ እፎይታ ግማሹ የቅዝቃዜው ሥራ ሳይሆን አይቀርም፤ ቢሆንስ ምን ቸገረኝ?

የአረንጓዴ ሻይ እንክብል ግን አይመቸኝም። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ በእንክብል መልክ መውሰድ ጉበትን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። በአሜሪካ በ2006 ከአረንጓዴ ሻይ የተሠራ ቅባት ተፈቅዷል እያሉ የሚያሻሽጡም አሉ። መፈቀዱ እውነት ነው፤ ግን ለብልት አካባቢ ኪንታሮት ነው እንጂ ለሄርፒስ አይደለም። ኪንታሮቱን የሚያመጣው ሌላ ቫይረስ ነው።

«ከሥሩ ይነቅለዋል» የሚላችሁንም እለፉት። ምቹ ሲድን ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይተኛል። እዚያ ሻይም አሲክሎቪርም አያጠፋውም።

ዓይን ከቀላ ወይም ካመመ፣ ቁስሉ ከተስፋፋ፣ በ10 ቀን ካልዳነ ወይም የሰውነት መከላከያ አቅም ደካማ ከሆነ በሻይ ጊዜ አታጥፉ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ። ቁስሉ ደርቆ እስኪድን ድረስ ማንንም አትሳሙ፣ በተለይ አራስ ልጅ። ለጨቅላ ሕፃን ይህ ቫይረስ ሕይወት እስከማሳጣት ይደርሳል።