«በውሸት ጦርነት ውስጥ አስገቡን» ስንል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካና እንግሊዝ ኢራቅን የወረሩት በማርች 2003 ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ለሕዝብ የተነገረው ዋና ምክንያት ሳዳም ሁሴን ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ደብቋል የሚል ነበር። መሣሪያው ቢፈለግ ቢፈለግ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ «ዋሽተውናል»፣ «የለም፣ ተሳስተው ነው» የሚለው ክርክር አልቆመም። አሜሪካና እንግሊዝ ያለው የእኛ ሰውም ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር ይሟገትበታል። ክርክሩ መጦፉ አይደለም የሚያናድደኝ። በመሃል የምንሠራቸው ስህተቶች መጠየቅ ያለበትን ሰው ነጻ ያወጡታል፤ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ስህተት መናገርንና መዋሸትን አንድ ማድረግ

ይኼ ዋናው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ቀረቡ። ጥቂት የአንትራክስ ዱቄት (ገዳይ ጀርም ነው) ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ብልቃጥ አንስተው አሳዩ። ኢራቅ በመኪና ላይ የሚንቀሳቀሱ የጀርም መሣሪያ ማምረቻዎች እንዳሏት ተናገሩ። የዚህ ወሬ ዋና ምንጭ ጀርመን አገር ጥገኝነት የጠየቀ ኢራቃዊ ነበር፤ የስለላ ሰዎች ያወጡለት ስም «ከርቭቦል» ይባላል። ሰውዬው በ2011 ታሪኩን ፈጥሮ እንዳወራው ለጋዜጣ በራሱ አንደበት አመነ። ፓወል የሰው ውሸት ነው ተሸክመው የወጡት። በኋላም ያ ንግግር በስማቸው ላይ የቀረ ጠባሳ መሆኑን ተናግረዋል። ምንጩን በደንብ ባለማጣራት የሚጠየቅ አለ። ያ ግን አንድ ጥፋት ነው።

ሌላው ጥፋት የተለየ ነው። በኦክቶበር 2002 የአሜሪካ የስለላ ተቋማት ስለ ኢራቅ ሁለት ሰነድ አወጡ። አንዱ ሚስጥራዊ፣ አንዱ ለሕዝብ። በሚስጥራዊው ላይ በየቦታው «ብለን እንገምታለን» የሚል ነበረበት። ለሕዝብ በወጣው ላይ ያ አነጋገር ተቆርጦ ወጣ። ግምት የነበረው ነገር የተረጋገጠ ሆኖ ታተመ። ይህን ያረጋገጠው የአሜሪካ ሴኔት የስለላ ኮሚቴ ራሱ ነው፣ በ2004። እንግሊዝ ውስጥ ሰር ጆን ቺልኮት የመሩት አጣሪ ቡድንም በ2016 ከዚህ ብዙም ያልራቀ ነገር ነው ያለው፦ የመሣሪያው አደጋ ማስረጃው በማይፈቅደው እርግጠኝነት ነበር የቀረበው።

ስለዚህ «ያሉት ነገር እውነት ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ያን ቀን ምን ያውቁ ነበር? ለእኛ የነገሩንስ ምን ነበር? በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው መያዝ። ሁሉንም «ውሸት» ብሎ በአንድ ከረጢት የከተተ ሰው ከርቭቦል ሲጠቀስበት ይሸነፋል። «ምንጩ አታለላቸው እንጂ እነሱ ምን ያድርጉ?» ይባላል፤ ተቆርጦ ስለወጣው ነገር ማንም ሳያነሳ ክርክሩ ያልቃል።

«የቱ ጋ ነው የዋሹት? ዓረፍተ ነገሩን አሳየኝ» በሚል መረታት

ዋሽንግተን ፖስት በሴፕቴምበር 2003 ባሳተመው የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ ከመቶ 69 አሜሪካዊ ሳዳም በሴፕቴምበር 11 ጥቃት እጁ ሳይኖርበት አይቀርም ብሎ ያምን ነበር። ፕሬዚዳንት ቡሽ ወዲያው በዚያው ወር ለዚህ ማስረጃ እንደሌለ ተናገሩ። ታዲያ ከአሥር ሰው ሰባቱ ይህን ከየት አመጣው? ሳዳምና አልቃይዳ፣ ኢራቅና ሴፕቴምበር 11፣ ለወራት በአንድ ንግግር ውስጥ ጎን ለጎን ሲጠሩ ነበር። «ሳዳም አድርጎታል» ማለት አላስፈለገም። እንዲህ ያለው አሳሳች አቀራረብ በአንድ ጥቅስ አይያዝም። ተከታታይ ንግግሮችን አንድ ላይ አስቀምጦ ማንበብ ይጠይቃል።

«ያኔ እኮ ሁሉም አምኖ ነበር» ብሎ መተው

አልነበረም። ለጦርነቱ ሥልጣን የሰጠው ውሳኔ ሲጸድቅ በአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 133፣ በሴኔት 23 ሰው ተቃውሟል። ከተቃወሙት አንዱ የሴኔቱ የስለላ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቦብ ግራም ነበሩ፤ ሚስጥራዊውን ሰነድ ያነበቡ ሰው። ኢራቅ የገዛቻቸው የአሉሚኒየም ቱቦዎች ለዩራኒየም ማበልጸጊያ ናቸው ሲባል፣ የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ባለሙያዎች «ለዚያ አይመቹም፣ ለተራ ሮኬት ነው የሚሆኑት» ብለው ነበር። ኢራቅ ከኒጀር ዩራኒየም ልትገዛ ሞክራለች የሚለውም ነበር። ማርች 7 ቀን 2003፣ ወረራው ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ኃላፊ መሐመድ ኤልባራዳይ ለዚህ ወሬ ማስረጃ የተባሉት ሰነዶች ትክክለኛ አለመሆናቸውን ለጸጥታው ምክር ቤት ተናገሩ። በአደባባይ። ከዚያ በፊት በፌብሩዋሪ 15 በብዙ መቶ ከተሞች ሰው አደባባይ ወጥቷል፤ ለንደን ላይ እንዲህ ያለ ሰልፍ ታይቶ አይታወቅም ነበር።

እዚህ ላይ የእኛም ስም አለ። ዋይት ሐውስ ባወጣው የጦርነቱ ደጋፊ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያም ኤርትራም ተጽፈዋል። ዝርዝሩ «ዓለም ከእኛ ጋር ነው» ለማለት አገልግሏል። የጎጃም ገበሬ ወይ የምጽዋ ዓሣ አጥማጅ ስለ ኢራቅ መሣሪያ ምን እንደሚያስብ ግን የጠየቀው የለም። መንግሥት ስሙን ስላስመዘገበ ሕዝቡ አምኗል ማለት አይደለም።

ነገሩን ትቶ ነጋሪውን ማየት

የቀድሞው አምባሳደር ጆሴፍ ዊልሰን በ2002 ኒጀር ድረስ ሄደው የዩራኒየሙን ወሬ አጣሩ። የሚያሳምን ነገር አላገኙም። በጁላይ 2003 ይህንኑ በጋዜጣ ጻፉ። ዋይት ሐውስም ስለ ዩራኒየሙ የተነገረው ነገር በፕሬዚዳንቱ ንግግር ውስጥ መግባት እንዳልነበረበት አመነ። ሰዉ ግን ወዲያው ወደ ሌላ ወሬ ዞረ፦ ሚስታቸው የሲአይኤ ሠራተኛ ናቸው፣ ባላቸውን ወደ ኒጀር ያስላኩት እሳቸው አይደሉም ወይ? ወሬው ለዓመታት ቆየ።

በዚያው ዓመት የቢቢሲ ጋዜጠኛ፣ ኢራቅ መሣሪያዋን በ45 ደቂቃ ልትተኩስ ትችላለች የሚለው የእንግሊዝ መንግሥት አባባል ስህተት መሆኑን መንግሥት ራሱ ሳያውቅ አይቀርም ብሎ በሬዲዮ ተናገረ። ምንጭ የነበሩት ሳይንቲስት ዴቪድ ኬሊ በጁላይ ሞተው ተገኙ። የኬሊን ሞት የመረመረው የኸተን አጣሪ ቡድን የጋዜጠኛው አባባል መሠረት የለውም አለ፤ የቢቢሲ ሊቀመንበርና ዋና ዳይሬክተር ሥራቸውን ለቀቁ። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ የእንግሊዝን የስለላ መረጃ የመረመረው የበትለር ሪፖርት የ45 ደቂቃው ጉዳይ ስለ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሆነ ሳይገለጽ መውጣት እንዳልነበረበት ጻፈ። ተቃዋሚው ወገን ከያዘው ማስረጃ አንድ እርምጃ አልፎ ሲናገር፣ ያቺ አንዷ እርምጃ ዋናውን ጥያቄ ትውጠዋለች። የያዙትን ያህል ብቻ መናገር ያዋጣል።

ምርጫን እንደ ፍርድ መቁጠር

«ውሸታም ቢሆኑ ሕዝቡ መልሶ ይመርጣቸው ነበር?» ይላሉ። ቡሽ በኖቬምበር 2004፣ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ብሌር በሜይ 2005 ተመርጠዋል። መረጃው በፖሊሲው ዙሪያ እየተበጀ ነው የሚል ቃል የያዘው የዳውኒንግ ስትሪት (የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሮ) ሚስጥራዊ ማስታወሻ የታተመው የብሪታንያ ምርጫ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ሰው የሚመርጠው ለግብርም፣ ለሆስፒታልም ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ መቀመጥ

በዚህ ጉዳይ እያደር የጠራው በራሱ ጊዜ አይደለም። የቺልኮት ምርመራ በ2009 ተጀምሮ ውጤቱ የወጣው በጁላይ 2016 ነው። ሰባት ዓመት። ልጆቻቸውን ያጡ የእንግሊዝ ወታደሮች ቤተሰቦች ሪፖርቱ ይውጣ እያሉ ጮኸዋል፤ ፍርድ ቤት እንሄዳለን ብለው አስጠንቅቀዋል። ዝም ቢሉ ኖሮ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ማን ያውቃል።

ከዚያ ወዲያ ምንም አለማመን

በ2022 መጀመሪያ አሜሪካና እንግሊዝ ሩሲያ ዩክሬንን ልትወር ነው ብለው ሲያስጠነቅቁ፣ ብዙ ሰው «ኢራቅንም እንዲህ ብለውን ነበር» ብሎ ሳቀ። ፌብሩዋሪ 24 ላይ ሩሲያ ገባች። ያኔ ግን የግል ኩባንያዎች ያነሷቸው የሳተላይት ፎቶዎች በአደባባይ ነበሩ፤ የታንኮቹን ክምችት ማንም ማየት ይችል ነበር። በ2003 የቀረበልን ብልቃጥና የስለላ ምንጭ ቃል ነው። ተናጋሪው ያው ነው፤ ማስረጃው ግን አንድ አይደለም።

የተታለልነው እኛ ብቻ ነን ማለት

አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ የሚካሄደው ክርክር «መሪዎቻችን እኛን ዋሹን» በሚለው ላይ ያጠነጥናል። ቁጣው ትክክል ነው። ግን ውሸትም ይሁን ስህተት ዋጋውን በብዛት የከፈለው ማንም ማብራሪያ ያልሰጠው ሰው ነው። ብሪታንያ ኢራቅ ውስጥ 179 ወታደሮች ሞተውባታል፤ እያንዳንዳቸው ስማቸው ተመዝግቧል። ቺልኮት ሪፖርቱን ሲያቀርቡ እስከ ጁላይ 2009 ድረስ ቢያንስ 150,000 ኢራቃውያን፣ ምናልባትም ከዚያ በጣም የሚበልጡ፣ መሞታቸውን ተናግረዋል። አብዛኞቹ ሰላማዊ ሰዎች ናቸው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደግሞ ከቤታቸው ተፈናቅለዋል።