የብሪታንያ ጃዝን መሰብሰብ፦ ዳግም ህትመቶች፣ የማህደር ቅጂዎችና መጻሕፍት

የብሪታንያ ጃዝ ሙዚቀኞች በ1960ዎቹ ካስቀረጿቸው ሸክላዎች ብዙዎቹ በጥቂት ቁጥር ታትመው፣ ገበያቸውም ሳይደራ ከአሳታሚዎቹ ዝርዝር የወጡ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ የእነዚያ ሸክላዎች የመጀመሪያ ህትመት በደህና ይዞታ ሲገኝ በመቶዎች፣ አንዳንዱም ከአንድ ሺህ በላይ በሆነ ፓውንድ ይሸጣል። ስለዚህ ሙዚቃውን መስማት ለሚፈልግ ሰው ዋናው መንገድ ዳግም ህትመት ነው። ነገር ግን አንዱ ዳግም ህትመት ከስቱዲዮው ዋና ቴፕ በጥንቃቄ የተገለበጠ ሲሆን፣ ሌላው አንድ ሰው ቤት ከነበረ ያረጀ ሸክላ ተቀድቶ በአዲስ ሽፋን የቀረበ ሊሆን ይችላል። ከዋጋውም ሆነ ከሽፋኑ ውበት በፊት «ይህ ድምፅ ከየት ተወሰደ?» ብሎ መጠየቅ የሰብሳቢ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ሁሉን በአንድ ጊዜ ለመያዝ ከመሞከር ይልቅ ከአንድ ቡድን ይጀምሩ። እኔ የምመክረው ሳክስፎን ተጫዋቹ ዶን ሬንዴልና ትራምፔት ተጫዋቹ ኢያን ካር በጋራ የመሩትን ባለ አምስት አባላት ቡድን ነው። ይህ ቡድን ከ1965 እስከ 1969 ድረስ በምዕራብ ለንደን ከሚገኘው ከላንስዳውን ስቱዲዮ ጋር በመሥራት አምስት አልበሞችን ያወጣ ሲሆን፣ ጃዝማን የተባለው አሳታሚ በ2018 አምስቱንም በአንድ ሣጥን አድርጎ በሸክላ አሳትሟቸዋል። ከዚህ ቡድን መጀመር የሚጠቅመው ከእያንዳንዱ አባል አዲስ መንገድ ስለሚወጣ ነው። ከሁለተኛው አልበም ጀምሮ ፒያኖ የተጫወተው ማይክል ጋሪክ በራሱ ስም ወዳሳተማቸው ሥራዎች ይመራል፤ ኢያን ካር በ1969 ወዳቋቋመው ኒውክለስ ወደሚባለው ቡድን ይወስዳል፤ የላንስዳውኑ አዘጋጅ ዴኒስ ፕሬስተን ደግሞ ፒያኖ ተጫዋቹ ስታን ትሬሲ በዌልሳዊው ገጣሚ በዲላን ቶማስ ድርሰት ተመርኩዞ በ1965 ወደ ቀረጸው ሥራና ወደ ጆ ሃሪየት ያደርሳል።

ጆ ሃሪየት ሊታለፍ አይገባም። በ1928 በጃማይካ ተወልዶ በ1951 ወደ ብሪታንያ የገባው ይህ አልቶ ሳክስፎን ተጫዋች በ1960 «ፍሪ ፎርም» የተባለውን አልበም ሲቀርጽ፣ አሜሪካኖቹ ይሞክሩት ከነበረው ነፃ አጨዋወት (አስቀድሞ ለተወሰነ የዜማና የምት ሥርዓት የማይገዛ) ሳይቀዳ በራሱ መንገድ ተመሳሳይ ቦታ ደርሶ ነበር። «የብሪታንያ ጃዝ» በብሪታንያ የተወለዱ ሰዎች ብቻ ሥራ አይደለም፤ በ1964 አገራቸውን ጥለው የወጡት ብሉ ኖትስ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ቡድን ሙዚቀኞች ለንደን ገብተው የከተማዋን ሙዚቃ ለውጠውታል። የእኛው ሙላቱ አስታጥቄም በወጣትነቱ ለንደን ውስጥ ሙዚቃ የተማረ ሲሆን፣ በ2009 ሄሊዮሴንትሪክስ ከተባለው የለንደን ቡድን ጋር የሠራው አልበም በእንዲህ ያለ ስብስብ መደርደሪያ ላይ ያለ ጥርጥር ቦታ አለው።

የድምፁን ምንጭ ለማወቅ የሽፋኑን ጀርባና በውስጡ ያለውን ቡክሌት በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ሥራውን በቁም ነገር የያዘ አሳታሚ የመብቱ ባለቤት ፈቃድ የሰጠ መሆኑን፣ የትኛው ቴፕ ጥቅም ላይ እንደዋለና ድምፁን ያስተካከለው መሐንዲስ ማን እንደሆነ ይጽፋል። ዴካ የተባለው አሳታሚ ከ2021 ጀምሮ ያወጣው «ብሪቲሽ ጃዝ ኤክስፕሎዥን» የተሰኘው ተከታታይ ህትመት ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው፤ በውስጡ ትራምፔት ተጫዋቹ ኬኒ ዊለር ከጆን ዳንክወርዝ ኦርኬስትራ ጋር የሠራው «ዊንድሚል ቲልተር» ይገኝበታል። ቡክሌቱ ስለ ምንጩ አንድም ቃል ካልተናገረ ግን መጠራጠር ይገባል። በጆሮም መፈተን ይቻላል፦ ቤዝ ብቻውን በሚጫወትበት ጸጥ ያለ ቦታ ላይ የመርፌ ጭረት ቢሰማ ቅጂው ከሸክላ መወሰዱን ያሳያል፤ ጭረቱ ጠፍቶ የጸናጽሉ ንዝረት በድንገት የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ጭረቱን ለማጥፋት ሲባል ሙዚቃውም አብሮ እንደተነካ ይገመታል። በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር) የተቀረጸውን በኋላ በሰው ሠራሽ ዘዴ «ስቴሪዮ» ያደረጉትን ህትመቶች ጨርሶ ባይገዙ ይሻላል።

የድምፅ ቅጂ መብትን ሕግ በጥቂቱ ማወቅም ይጠቅማል። በብሪታንያ የ50 ዓመቱ የመብት ዘመን በኅዳር 2013 ወደ 70 ሲራዘም፣ እስከ 1962 መጨረሻ ታትመው የወጡ ቅጂዎች ጊዜያቸው አስቀድሞ አልፎ ስለነበር ከማራዘሚያው አልተጠቀሙም። ሳክስፎን ተጫዋቾቹ ተቢ ሄይስና ሮኒ ስኮት በ1950ዎቹ መጨረሻ የመሩትን ጃዝ ኩሪየርስን የመሳሰሉ ቡድኖች ሥራ ብዙ አልበም በአንድ ላይ ታጭቆ በርካሽ የሚሸጠው ስለዚህ ነው። እነዚህ ህትመቶች ሕገወጥ አይደሉም፤ ለመስማትና ለመለየትም ያገለግላሉ። ሆኖም አሳታሚው ዋናውን ቴፕ የማግኘት ዕድሉ አነስተኛ ስለሆነ፣ የተሻለ ህትመት ሲገኝ የሚተኩ ጊዜያዊ ቅጂዎች አድርጎ መያዝ ይሻላል።

ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው ሲዲን ከሸክላ አስቀድማለሁ። ቢ ጂ ኦ እና ደተን ቮካሊዮን የተባሉት አሳታሚዎች ለዓመታት ሁለት ሁለት አልበሞችን በአንድ ሲዲ ሲያወጡ ቆይተዋል፤ ለፖስታም ቀላል ናቸው። ሸክላ ከውጭ ሲያዝዙ ሻጩ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቶ ለብቻው እንዲያሽግ ይጠይቁ፤ ካልሆነ በመንገድ ላይ የሸክላው ጠርዝ የሽፋኑን መገጣጠሚያ ይቀድደዋል። ያገለገለ የመጀመሪያ ህትመት ከሆነ ደግሞ ከመጨረሻው ሙዚቃ በኋላ ባለው ባዶ ቀለበት ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮች ፎቶ ይጠይቁ፤ የሽፋን ፎቶ ብቻ የሚልክ ሻጭ ስለ ህትመቱ ምንም አልነገረዎትም።

ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው፣ የሚክሰውም፣ ከዚህ ቀደም ታትመው የማያውቁት የማህደር ቅጂዎች ናቸው። ተቢ ሄይስ በ1969 ፎንታና ለተባለው አሳታሚ ቀርጿቸው የነበሩት ቴፖች እርሱ በ38 ዓመቱ ካረፈ ከ46 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ «ግሪትስ፣ ቢንስ ኤንድ ግሪንስ» በሚል ርዕስ ታትመዋል፤ እንዲህ ያለ ሙያ በካዝና ተዘግቶ መኖሩን ማሰብ ያሳዝናል። የስቱዲዮ ቴፕ ዕድለኛ ነው። ቢቢሲ ያስተላለፋቸው ብዙ የጃዝ ዝግጅቶች በተቋሙ ውስጥ አልተቀመጡም፤ ከጥፋት የተረፉት አድማጮችና ሙዚቀኞች ቤታቸው ሆነው ከሬዲዮ ስለቀዷቸው ነው። ጊርቦክስ፣ ጃዝ ኢን ብሪታንና የአሜሪካው ኩኒፎርም የተባሉት አሳታሚዎች ከእንዲህ ዓይነት ምንጮች ጠቃሚ ሥራዎችን አውጥተዋል። ብሉ ኖትስንና ከእነርሱ የወጡትን ቡድኖች ለሚከታተል ሰው ደግሞ ቤዝ ተጫዋቹ ሃሪ ሚለርና ሄዝል ሚለር ያቋቋሙት ኦገን የተባለው አሳታሚ አስፈላጊ ነው።

የማህደር ቅጂ ሲመዘን መለኪያው ይለያል። የሬዲዮው ጫጫታና የድምፁ መጥበብ ይቅር ሊባል ይችላል፤ የቴፑ ፍጥነት ስህተት ግን ይቅር አይባልም፤ ቴፑ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ከተገለበጠ ድምፁ ከፍ፣ ምቱም ፈጠን ስለሚል፣ ተመሳሳዩን ዜማ ከስቱዲዮው ቅጂ ጋር ማነጻጸር ያጋልጠዋል። የተቀረጸበት ቀንና ቦታ፣ የሙዚቀኞቹም ስም በግልጽ መጻፉን ያረጋግጡ። ያለ እነዚህ የቀረበ ቅጂ በማህደርነቱ ዋጋው ግማሽ ነው። ለሙዚቀኞቹ ወይም ለቤተሰቦቻቸው ክፍያ መፈጸሙን የሚገልጽ አሳታሚን መምረጥ ደግሞ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጻሕፍቱን ከሸክላዎቹ በኋላ ሳይሆን ከእነርሱ ጋር፣ ቢቻልም ቀድሞ መግዛት ይሻላል፤ ምን መፈለግ እንዳለበት የሚያስተምሩት እነርሱ ናቸውና። አንድ ብቻ መግዛት ለሚችል ኢያን ካር በ1973 የጻፈው «ሚውዚክ አውትሳይድ» ይበልጥበታል፤ ጸሐፊው ራሱ በሙዚቃው ውስጥ የነበረ በመሆኑ የዘመኑ ተስፋና ችግር ትኩስ ሆኖ ይነበባል፤ በ2008ም በድጋሚ ታትሟል። ሰፊውን ታሪክ ጂም ጎድቦልት በሁለት ቅጽ ጽፎታል፤ ከ1960 እስከ 1975 ያለውን ደንከን ሃይኒንግ በ2012 ባወጣው መጽሐፍ በጥልቀት መርምሮታል። ከሕይወት ታሪኮች መካከል አለን ሮበርትሰን ስለ ጆ ሃሪየት፣ ሳይመን ስፒሌት ስለ ተቢ ሄይስ የጻፏቸው ይቀድማሉ። ስፒሌት ራሱ ሳክስፎን ተጫዋች ስለሆነ ስለ አጨዋወት የሚጽፈው ሸክላውን እየሰሙ ሊከታተሉት የሚገባ ነው። በኤሴክስ፣ ሎተን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በ1988 የተመሠረተው ናሽናል ጃዝ አርካይቭ የዘመኑን መጽሔቶች ስለሚያስቀምጥ፣ መጻሕፍቱ የሚለያዩበትን ቀን ወይም ስም ለማጣራት ይረዳል።

በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ቅጂ የተቀረጸበትን ቀን፣ ሙዚቀኞቹን፣ የድምፁን ምንጭ፣ የካታሎግ ቁጥሩንና የከፈሉትን ዋጋ በአንድ ደብተር ይመዝግቡ። የሬንዴልና የካር አልበሞችን የመሰሉ ሥራዎች በተለያየ ሽፋን እየተመላለሱ ስለሚወጡ፣ ደብተር የሌለው ሰው አንዱን ቅጂ ሁለት ጊዜ ይገዛል። የተሻለ ህትመት ሲያገኙ አሮጌውን ከመሸጥዎ በፊት የሁለቱን ቡክሌቶች ጎን ለጎን ያንብቡ፤ አዲሱ በድምፅ በልጦ፣ አሮጌው ሙዚቀኞቹ በሕይወት ሳሉ የሰጡትን ቃል ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ሁለቱንም ያቆዩ።