ቋንቋቸውን ሳታውቁ ልጆችን እንግሊዝኛ እንዴት ማስተማር ይቻላል?

ሰው አገር ሄዳችሁ እንግሊዝኛ ልታስተምሩ ነው እንበል። ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ምናምን ልጅ አለ። እነሱ የእናንተን ቋንቋ አያውቁም፤ እናንተም የእነሱን አታውቁም። ደወሉ ተደውሏል፣ ሁሉም ዓይን ዓይናችሁን እያየ ነው። የጨነቀው አስተማሪ እዚህ ላይ ማውራት ይጀምራል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሃያ ደቂቃ ሙሉ አስረዳሁ። «ገባችሁ?» ስላቸው በአንድ አፍ «የስ ቲቸር!» አሉ። ወረቀቱን ሳድላቸው ግን አንድም እርሳስ አልተነሳም። ከዚያ ወዲህ ክፍለ ጊዜው ጥሩ ነበር የምለው ልጆቹ ብዙ ሲያወሩ ነው።

1. አብሯችሁ የሚያስተምረውን ሰው ቀድማችሁ አግኙት

ብዙ አገር ላይ የውጭ አስተማሪ ክፍል የሚገባው ከአገሬው መምህር ጋር ነው። ለምሳሌ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረችው ጄት የተባለው ፕሮግራም ከውጭ የሚመጡትን ወጣቶች በብዛት የሚመድበው በረዳት አስተማሪነት ነው። ከዚህ ሰው ጋር አሥር ደቂቃ ብትቀመጡ ከብዙ ችግር ትድናላችሁ። ልጆቹ እስከ የትኛው ምዕራፍ እንደደረሱ ጠይቁት። ልጅ ሲረብሽ ማን እንደሚናገርም ተስማሙ። የትኛው የእጅ ምልክት ነውር እንደሆነ መጠየቅም አትርሱ። በጣት ጠቅሶ መጥራት አንዳንድ አገር ስድብ ነው፤ እናንተ ግን ልጅን ወደ ሰሌዳ ስትጠሩ ሳታስቡት ታደርጉታላችሁ።

2. ስማቸውን ያዙ

የመቀመጫ ንድፍ ሳሉና በየቦታው ስም ጻፉ። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ይጠቅማል። ልጁ ስሙን ሲነግራችሁ እንደሰማችሁት በአማርኛ ጻፉት፤ ከዚያ መልሳችሁ አንብቡለት። ከተሳሳታችሁ ያርማችኋል። በዚያች ደቂቃ ልጁ አስተማሪ ሆነ፣ እናንተም ባዕድ ድምፅ ከአፍ አልወጣ ሲል ምን እንደሚመስል ቀመሳችሁ።

3. አጀማመራችሁ በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን

ሰላምታ፣ ቀኑ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ አንድ ጥያቄ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ልጆቹ ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቁ ፍርሃታቸው ይቀንሳል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ቦታውን ለአንድ ተማሪ ልቀቁለትና እሱ ይጠይቅ።

4. አታስረዱ፣ አሳዩ

ጄምስ አሸር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቶታል ፊዚካል ሪስፖንስ የተባለ የማስተማሪያ ዘዴ አመጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሕፃን አፉን ከመፍታቱ በፊት የሚባለውን ሰምቶ በአካሉ ይመልሳል፤ ሁለተኛ ቋንቋም እንዲሁ ይጀመር ነው የሚለው። «ስታንድ አፕ» እያላችሁ ራሳችሁ ተነሱ። «ታች ዘ ዶር» እያላችሁ በሩን ንኩ። ቀጥሎ እናንተ ቆማችሁ ትእዛዙን ብቻ ስጡ። ትንንሾቹ ልጆች ቁጭ ብድግ ሲሉ አርባ ደቂቃ እንዴት እንዳለፈ አይታወቃቸውም።

መልመጃ ስትሰጡም እንዲሁ ነው። አንድ ደፋር ልጅ ወደ ፊት አውጡና ከእሱ ጋር ሠርታችሁ አሳዩ። ወረቀት የምታድሉት ከዚያ በኋላ ነው፤ ወረቀት እጁ የገባ ልጅ ጆሮ አይሰጣችሁም። «ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ እርግፍ አድርጋችሁ ተዉት። ምትኩ «ለብቻ ነው በጥንድ?»፣ «ስንት ደቂቃ?»፣ «ትጽፋላችሁ ትናገራላችሁ?» ነው። መልሱ መረዳት አለመረዳታቸውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል።

5. ጠይቃችሁ ዝም በሉ

ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባወጣችው ጥናት መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳየች። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ በራሳቸው ተነሳሽነት የሚመልሱትም በዙ። ያ ጥናት የሳይንስ ክፍል ላይ፣ ልጆቹ በሚያውቁት ቋንቋ የተደረገ ነው። በባዕድ ቋንቋ የሚያስበው ልጅ ጥያቄውን ይተረጉማል፣ መልሱን ይፈልጋል፣ ከዚያ መልሶ ይተረጉማል። አምስት ሰከንድ ስጡት። በልባችሁ ቁጠሩ። ዝምታው ያስጨንቃል፤ ግን ቻሉት።

አንድም ቃል የማይተነፍሱ ልጆችም ያጋጥሟችኋል። አዲስ ቋንቋ የሚጀምር ልጅ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እየሰማ ብቻ ሊቆይ ይችላል። አንዲት ልጅ ነበረችኝ፤ ሁለት ወር ሙሉ ጭጭ። ሥዕል ሳሳይ በጣቷ ትጠቁማለች፣ በቃ። አንድ ቀን ደብተር እያረምኩ እጅጌዬን ጎተት አድርጋ «ቲቸር፣ ማይን ኢዝ ብሉ» አለችኝ። የሌላ ልጅ ደብተር ይዤ የእሷ መስሎኝ ነበር። ጉዳዩ የራሷ ሲሆን ቋንቋው ወጣ። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰው ፊት አቁማችሁ «ተናገር» አትበሉት። ይጠቁም፣ ይሳል፣ አንገቱን ይነቅንቅ።

6. ድምፁን በዓይን አሳዩት

የጃፓን ልጆች «ራይት» እና «ላይት»ን መለየት ይቸግራቸዋል፤ ቋንቋቸው ሁለቱን ድምፆች አይለይም። ዐረብኛ «ፐ» የለውም፣ ስለዚህ «ፓርክ» «ባርክ» ይሆናል። እኛም ብንሆን «ዚስ» እያልን ነው ያደግነው። ልጁ ልዩነቱን ካልሰማው መቶ ጊዜ ብትደግሙለት ለውጥ የለውም። ቀጭን ወረቀት ከከንፈራችሁ ፊት ያዙና «ፓርክ» በሉ። ወረቀቱ ብድግ ይላል። «ባርክ» በሉ፤ ብዙም አይነቃነቅም። አሁን ለእያንዳንዱ ልጅ ቁራጭ ወረቀት ስጡት። ክፍሉ ሊንጫጫ ነው፣ ይንጫጫ። «ላ» ላይ ደግሞ የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ይነካል፤ በእንግሊዝኛው «ራ» ግን የትም አይነካም።

7. ስህተትን በልክ አርሙ

ልጁ «ሺ ጎ ስኩል» ካለ ሐሳቡ ደርሷችኋል። መጀመሪያ ለሐሳቡ መልስ ስጡ። «ኦ፣ ሺ ጎውዝ ቱ ስኩል!» ብላችሁ ትክክለኛውን በወሬ መሐል አስገቡለት። ሊስተርና ራንታ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ካናዳ ውስጥ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት ግን ልጆች እንዲህ ያለውን እርማት ብዙ ጊዜ ልብ ሳይሉት ያልፋሉ። ስለዚህ «ጎውዝ» የምትለዋን ጠበቅ አድርጉና ትንሽ ቆዩ። ልጁ ራሱ እንዲደግማት ፋታ ይኖረዋል። የዕለቱ ትምህርት ያልሆነውን ስህተት እለፉት።

8. ሲረብሹ አትጩኹ

ድምፃችሁን ከፍ ስታደርጉ እነሱም ይብሳሉ። እጃችሁን ወደ ላይ አንሱና ጠብቁ። ያየ ልጅ ሁሉ እጁን አንስቶ ዝም ይላል፤ ይህንን ከመጀመሪያው ቀን አለማምዷቸው። ረብሻ ሲደጋገም መልመጃችሁን መርምሩ። ወይ ከብዷቸዋል፣ ወይ ጨርሰው ሥራ ፈትተዋል። ቶሎ ለሚጨርሱ ሁልጊዜ ተጨማሪ ሥራ ይኑራችሁ።

9. ደወሉ ሊደወል ሲል

አምስት ደቂቃ ሲቀር አዲስ ነገር መጀመር የለም። በሩ ላይ ቁሙና እያንዳንዱ ልጅ ሲወጣ በዕለቱ የተማረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበላችሁ። አንድ ቃል ብቻ የሚችል አንድ ቃል ይበል። ዝም ያለውን ሰላም ብላችሁ ሸኙት። ሁሉም ከወጡ በኋላ፣ ሳትረሱት፣ ዛሬ ድምፃቸውን ያልሰማችሁትን ልጆች ስም ጻፉ። ነገ ክፍሉን ስትጀምሩ ከእነሱ ወንበር አጠገብ ቁሙ።