የሮም ድንጋዮች በጎን ብርሃን

ሮም ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ዕረፍቴ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነው፤ በእነዚያ ሰዓታት አሮጌውን ከተማ በስልኬ አነሳለሁ። ሊጎበኙኝ ለሚመጡ ዘመዶቼ መጀመሪያ የምነግራቸው፣ እኩለ ቀን ላይ ፎቶ ለማንሳት አትውጡ ብዬ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ድንጋዩ ይነጣል፣ የተቀረጸበትም ይጠፋል። ድንጋይ ያለፈበትን የሚናገረው ብርሃን ከጎን ሲያገኘው ነው።

ይህን ያስተማረኝ ፖርቲኮ ዶታቪያ የተባለው ፍርስራሽ ነው። ቦታው ለዘመናት የዓሣ ገበያ ነበር። እዚያ በላቲን የተጻፈ የእብነ በረድ ሰሌዳ አለ፤ ከዚህ ሰሌዳ የሚረዝም ዓሣ ከተገኘ፣ ጭንቅላቱ እስከ መጀመሪያዎቹ ክንፎቹ ድረስ ለከተማው ሹማምንት ይሰጥ ይላል። መጀመሪያ በቀትር አንስቼው አንድ ፊደል እንኳ አልለይ አለ። በሌላ ሐሙስ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለስሁ፤ በየፊደሉ ጎድጓዳ ውስጥ ጥላ ገብቶ ጽሑፉ ወለል ብሎ ታየ። ስልካችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ወደ ላይ ካጋደላችሁት ምሰሶው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ከስክሪኑ ላይ በጣም ደማቁን ቦታ ንኩና ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ። በጣት ከማጉላት ይልቅ በእግር ተጠጉ።

በዚሁ ሰፈር መንገድ ላይ፣ በየደጃፉ፣ ስም የተቀረጸባቸው ትንንሽ የናስ ድንጋዮች አሉ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1943 ናዚዎች ከዚህ ከተማ ከአንድ ሺህ በላይ አይሁዳውያንን ይዘው ወደ አውሽቪትዝ አጋዙ። ተንበርከኩና ስሙ እስኪነበብ ድረስ ቅረቡ። ናስ ስለሚያንጸባርቅ ጥላ ያለበትን ሰዓት ምረጡ። ራሳችሁን ከጎኑ አድርጋችሁ አታንሱ።

ጥቂት ደቂቃ ተራምዳችሁ የማርሴሉስን ቲያትር ታገኛላችሁ። ከታች ያሉት ቅስቶች አውግስጦስ ቄሣር ያስጨረሳቸው ናቸው፤ ከላያቸው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ቤተ መንግሥት አለ፣ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። እዚህ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ ከላይ አንድ መስኮት ላይ መብራት ይበራል። ስልኩን ግንብ ላይ አስደግፉና የሦስት ሰከንድ መቁጠሪያውን ተጠቀሙ፤ ጣታችሁ አያናውጠውም።

ከቀትር ክልከላዬ ነፃ የማደርገው ፓንቴዮን የተባለውን ጥንታዊ የሮማውያን ቤተ መቅደስ ብቻ ነው። ጉልላቱ አናት ላይ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ክፍተት አለ። በበጋ እኩለ ቀን ላይ የብርሃኑ ክብ ወለሉ ድረስ ይወርዳል፤ በክረምት ግን ጉልላቱ ላይ ይቀራል። ሰው ብርሃኑ ውስጥ እስኪገባ ታገሡ፤ የሕንፃው ግዝፈት የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

መጨረሻ የምወስዳቸው ፖርታ ካፔና ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ከአክሱም የተወሰደው ሐውልታችን እስኪነቀል ድረስ የቆመው እዚህ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 አገሩ ገባ። ከጀርባ ያለው ትልቅ ሕንፃ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ነው፤ ሲጀመር ግን ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር የታሰበ ነበር። ስልኩን ወደ ቁመት አዙሬ ሕንፃውን ከታች አስቀምጣለሁ፤ ከፎቶው ሁለት ሦስተኛውን ሐውልቱ ይቆምበት ለነበረው ሰማይ እተወዋለሁ።