የቆየ መኪና ፍሬን ሲለግም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የቆየ መኪና ሞተሩ ሲደክም መንገድ ላይ ያቆማችኋል፤ ፍሬኑ ሲደክም ግን ሕይወት ያስከፍላል። ለጥገና የያዛችሁት ገንዘብ ትንሽ ከሆነ ቀለሙም ሞተሩም ይቆዩ፤ መጀመሪያ ፍሬኑ ይሠራ።

ፔዳሉ ይላላል፣ ደጋግመው ሲረግጡት ይጠነክራል
ብዙ ጊዜ የፍሬን ዘይቱ መስመር ውስጥ አየር ገብቷል፤ አየሩን ማስወጣት ነው። ግን አየር ዝም ብሎ አይገባምና በየት እንደገባ ሳይታወቅ ሥራው አላለቀም። ከኋላ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞር ከበሮ መሰል ብረት) ያለው መኪና ከሆነ ሸራው፣ ማለትም ብረቱን ተጭኖ የሚያቆመው ክፍል፣ ርቆም ሊሆን ስለሚችል ማስጠጋት ይበቃል።

ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ ይወርዳል
ሞተሩን አስነሥታችሁ ፔዳሉን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ረግጣችሁ ያዙት። እየሰመጠ ከሄደ ቱቦዎቹንና የጎማዎቹን የውስጥ ጎን እዩ። የሚያፈስ ነገር ከሌለ የማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) የውስጥ ጎማ አልቋል። እስኪቀየር መኪናው ከቆመበት አይነሣ።

የፍሬን ዘይት ይጎድላል
እየሞሉ መሄድ መፍትሄ አይደለም። ቀስ በቀስ ከቀነሰ ሸራው እያለቀ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ከጎደለ ያፈሳል። ዘይቱ ራሱም ያረጃል፣ ምክንያቱም ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል። በየ2 ዓመቱ ቀይሩት። የሞተር ዘይት በፍጹም አይጨመርበት፤ የፍሬኑን የውስጥ ጎማዎች አሳብጦ ሁሉንም ያበላሻል።

ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል
በመጀመሪያ የጎማዎቹን ነፋስ አስለኩ። እኩል ከሆነ፣ መኪናው የሚሄደው በደንብ ወደሚይዘው ፍሬን ስለሆነ የተበላሸው በተቃራኒው በኩል ያለው ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተሳስቶ ደህናውን ያስፈታል።

ፍሬን ሳይያዝም የሚጎትት ከሆነ ትንሽ ነድታችሁ እጃችሁን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጉ፣ አትንኩ። አንዱ ለብቻው ከጋለ ፍሬኑ አልለቅ ብሏል። በክሪክ አንሡትና ፔዳሉን ረግጣችሁ ልቀቁ፤ ጎማው አልዞርም ካለ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ላላ አድርጉ። ያኔ ከተለቀቀ ጥፋቱ የቱቦው ነው፤ ውስጡ አብጦ ዘይቱን አይመልስም። ካልተለቀቀ ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራውን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ የሚጨምቀው ክፍል፣ ነክሷል።

ይጮኻል ወይም ይፈጫል
ጩኸት ሸራው ማለቁን ሊነግር ይችላል፤ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ይቀየር። የመፋጨት ድምፅ ከመጣ ብረት ብረትን እየበላ ነው፣ ዲስኩም ይታይ። የቀኝና የግራው ሁልጊዜ አብረው ይቀየራሉ።

ፍሬኑ ደህና ሆኖ ጎማው ካረጀም መኪናው አይቆምም። ጎኑ ላይ ያለውን ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አንብቡ፤ 2314 ማለት በአውሮፓውያን 2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ቢያምርም ይውጣ።

ሸራ አስቀይራችሁ ስትወጡ መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡት። የመጀመሪያው ርግጫ ወለል ድረስ ሊወርድ ይችላል፤ ይህ መንገድ ላይ ሳይሆን እዚያው ቆማችሁ ይታወቅ።