ሞተር ከተሠራ በኋላ አልሞቅ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

ሞተሩ ወርዶ ተሠራ። ተገጠመ፣ ተነሳ፣ ድምፁም አማረ። ከሳምንት በኋላ ባለመኪናው ተመልሶ ይመጣል። "ጌጁ (የሙቀት መለኪያው) ከታች አይነሳም፣ ቤንዚን ግን ይጠጣል" ይላል። ያኔ ከመካከላችን አንዱ "እሰይ፣ አይሞቅም ማለት ነው!" ማለቱ አይቀርም። ይሄን "እሰይ" ስሰማ ደሜ ይፈላል። መሞቅ ያለበትን ያህል የማይሞቅ ሞተር ታሟል።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን ያዙልኝ። ቴርሞስታት ማለት ውሃው በራዲያተሩ የሚዞርበትን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ዕቃ ነው። "ቴርሞስታት ለፈረንጅ አገር ብርድ ነው፣ እዚህ ሞተር ያቃጥላል" የሚል ወሬ ከአለቃ ወደ ረዳት ሲወርድ ሲዋረድ እዚህ ደርሷል። ሞተር በወረደ ቁጥር ቴርሞስታቱ ወደ ቆሻሻ ይወረወራል። ለመሆኑ በኅዳር ጠዋት አዲስ አበባ ላይ እጁን እያሻሸ ሥራ የሚጀምር ሰው አገሩ ሞቃት ነው ብሎ እንዴት ያምናል?

ቴርሞስታት ሥራው ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ መያዝ ነው። 4ኤ እና 5ኤ ሞተር ባላቸው ኮሮላዎች ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው መካከል መከፈት ይጀምራል። ሲወጣ ውሃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በራዲያተሩ ይዞራል። ነዳጅ በመርፌ የሚረጭ (ኢንጀክሽን) ሞተር ከሆነ ኮምፒውተሩ "ገና አልሞቀም" ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ያ ትርፍ ነዳጅ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥበዋል። አዲሱ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው ከሲሊንደሩ ጋር እየተላመደ ያለው። ባለመኪናው ስንት ብር ያወጣበትን ሥራ በአንዲት ዕቃ ምክንያት እናበላሻለን።

ሌላም አለ። እነዚህ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ከሥሩ ትንሽ ዲስክ አለችው። ሞተሩ ሲሞቅ፣ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ የሚመለስበትን አቋራጭ መንገድ የምትዘጋው እሷ ናት። ቴርሞስታቱ ከሌለ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ የሚቀዘቅዘው መኪና፣ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ያለውን አቀበት ሲይዝ ጭራሽ ሊፈላ ይችላል። ያኔ "ቴርሞስታት አውጥተንለት እንኳን ሞቀ" ይባላል። ያሞቀው እኮ መውጣቱ ነው!

በድስት ሲፈተሽ "ሙሉ አልተከፈተም" ማለት

ቴርሞስታቱን ውሃ ውስጥ አፍልቶ ማየት ጥሩ ልማድ ነው። ግን አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የኮሮላው ቴርሞስታት ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር የሚከፈተው 95 ላይ ነው። የኛ ድስት እዚያ አይደርስም። ስንት ደህና ዕቃ "ሞቷል" ተብሎ እንደተጣለ አስቡት። በቴርሞሜትር የምትፈልጉት መከፈት የሚጀምርበትን ነው። ለሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ዋናው መዝጋቱ ነው። አውጡት፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ወደ ብርሃን አቅኑት። አየር ከምታስወጣው ትንሽ ቀዳዳ በቀር በጠርዙ ብርሃን ካሳለፈ አይሆንም። ጠርዙ ላይ ያለውን የጎማ ቀለበትም አትርሱ። አሮጌው ተቆርጦ ከሆነ ውሃው በጎን ያልፋል።

ሳይለኩ ጌጁን ማመን

ይሄን እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ሞተር ገጥሜ ጌጁ ከታች አልነሳ አለኝ። ቴርሞስታት ቀየርኩ፣ ያው ነው። ሌላ ቀየርኩ፣ ያው። ሁለት ቀን ሙሉ የሰው መኪና ይዤ ቆየሁ። ጥፋቱ የራሴ እጅ ነበር። ለጌጁ የሚያገለግለውን ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ስገጥም እንዳያፈስ ብዬ ጥርሱን በቴፍሎን ቴፕ ጠቅልዬዋለሁ። ይሄ ሴንሰር ግራውንድ (የኤሌክትሪኩን መመለሻ) የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ነው። መንገዱ ሲዘጋበት ጌጁ "ቀዝቃዛ" ይላል። ሞተሩ ደህና ሙቀት ላይ ነበር።

ኮምፒውተሩ የሚያነበው ብዙ ጊዜ ሌላ ሴንሰር ስለሆነ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ንባብ በሚያሳየው ስካነር እዩት። ስካነሩ 85 ካለና ጌጁ ከተኛ፣ ችግሩ ጌጁ፣ ሽቦው ወይም ሴንሰሩ ጋ ነው። በሌዘር ቴርሞሜትር የምትለኩ ከሆነ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ጥቁር ቴፕ ለጥፉና እሱ ላይ ለኩ።

አየር ሳያስወጡ መኪናውን ማስረከብ

ይሄኛው ያስፈራኛል። ሴንሰሩ በውሃው መንገድ በተያዘ አየር ውስጥ ከቀረ ጌጁ ዝቅ ብሎ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ግን ሊቃጠል ይችላል። የመኪናውን ፊት ከፍ አድርጋችሁ፣ የካቢኑን ማሞቂያ ከፍታችሁ፣ በቀዝቃዛ ሞተር ጀምራችሁ ውሃውን ሙሉ። ክዳኑ ክፍት ሳለ የሚወጣውን የአየር አረፋ ከመፍላት አረፋ ለዩ። እዚህ ከተማ ቴርሞስታቱ በሚከፈትበትና ውሃው በሚፈላበት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው።

የቬንትሌተሩን ነገር መርሳት

በነዚሁ ኮሮላዎች የቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) የሙቀት ማብሪያ ሶኬት ካልተሰካ ቬንትሌተሩ ያለማቋረጥ ይዞራል። ሶኬቷን ፈልጉ፤ ማብሪያውን ዘልሎ ሽቦውን "ዳይሬክት" ያደረገ ሰው ካለም አስተካክሉት።

ነጭ ነገር አይቶ ቴስታታ መፍታት

አንድ ባለታክሲ የዘይት ክዳኑን ከፍቶ አሳየኝ። ከሥሩ እንደ እርጎ ያለ ነጭ ነገር ይዟል። ሌላ ጋራዥ "ጓርኒሲዮኑ (የቴስታታው ማሸጊያ) ሄዷል፣ ቴስታታው ይውረድ" ብለውታል። ሞተሩ ከተሠራ ወር አልሞላውም፤ ሰውየው እንባው መጥቷል። የውሃ መጠኑን አየን፣ አልጎደለም። ከታች የወጣው ዘይት ውሃ የለበትም። የራዲያተሩን የታችኛውን ቱቦ ስይዝ ግን ገና በሁለተኛው ደቂቃ ለብ ብሏል። በዚህ ሞተር ቴርሞስታቱ በዚያ በኩል ስለሆነ፣ እስኪከፈት ድረስ ያ ቱቦ መቀዝቀዝ ነበረበት። ፈታሁት፣ ቤቱ ባዶ ነው።

በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ እርጥበቱ ተንኖ አይወጣም። ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ክዳኑ ሥር ይጠራቀማል። ቴርሞስታት ገጠምንለት። ዘይቱንም ቀየርን፣ ምክንያቱም መለኪያ ዘንጉን ሳሸተው ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ ሲመጣ ክዳኑን እሱ ራሱ ከፈተልኝ። ደረቅ ነበር።