የከተማ አስተዳደር በድረ ገጹ ላይ ስለ አካባቢ ጥበቃ ነዋሪውን እንዴት ያማክር?

«ስለ አካባቢ ጥበቃ ምን ይላሉ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ የሚመጣው መልስ ምኞት ብቻ ነው። ገና ያልተወሰነ አንድ ጉዳይ ምረጡ፦ «የቆሻሻ መኪናው በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት ይምጣ?» የሚል ዓይነት። ከጥያቄው አናት ላይ በጀቱን፣ ሊቀየር የማይችለውን ነገርና መዝጊያ ቀኑን አስቀምጡ። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይበቃል።

ቅጹ ከ4 ጥያቄ አይብለጥ። ሰፈር ይጠየቅ፤ ስም ግን በፈቃድ ይሁን፣ አለዚያ ቅሬታ ያለው ሰው ይሸሻል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ እቅዱ በወረቀት ታትሞ፣ ስካን ተደርጎ በፒዲኤፍ ይጫናል። በሞባይል ዳታ ለመክፈት ይከብዳል፤ ቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌርም ምስሉን አያነበውም። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈው ደግሞ ተገልብጦ ሲለጠፍ ስልክ ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ይሆናል። በየትኛውም ስልክ ወደሚነበበው የፊደል አጻጻፍ ደረጃ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ ቀይራችሁ ጽሑፉን ገጹ ላይ በቀጥታ አስገቡ፤ ከመልቀቃችሁ በፊት በርካሽ ስልክ ከፍታችሁ እዩት። ኢንተርኔት ለሌለው ያው ቅጽ በወረቀት ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ መልሱም አብሮ ይቆጠር።

ባርሴሎና በ2016 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ዴሲዲም የተባለ የነዋሪ ማማከሪያ ሶፍትዌር ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንኛውም ከተማ ሊጠቀምበት ይችላል። ከሶፍትዌሩ ይበልጥ የመልስ አሰጣጡን ቅዱ፦ ሐሳቡ ተቀባይነት ማግኘቱ ወይም አለማግኘቱ በይፋ ይታያል፣ ተቀባይነት ያገኘው የት እንደደረሰም ነዋሪው ይከታተላል። ሐሳቡን ያልተቀበላችሁበትን ምክንያት ስትጽፉ «በጥናት ላይ ነው» አይበቃም፤ የጎደለው በጀት ከሆነ ስንት ብር እንደሆነ ጻፉ።